እትዬ ብርዛፍና የማርያም ውሃ ነጭ ቅርፊት

እትዬ ብርዛፍ ማረፋቸውን የሰማሁት አምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ፣ ሚኒባሴን ለጎንደር እየሞላሁ ሳለ ነው። የደወለልኝ የድሮ መሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ነበር። «ባለ ሎሚዋ አረፉ» አለኝ። ስማቸውን መጥራት አላስፈለገውም። ዳባት የግብርናውን ቢሮ ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ ባለ ሎሚዋ ሲባል ማን እንደሆኑ ያውቃል። ቀብራቸው በማግስቱ ነው፣ ማርያም ውሃ፣ አባታቸው ባረፉበት ደብር።

ተሳፋሪዎቼን ለሌላ መኪና አስረክቤ ጉዞውን ተውኩት። አንዲት ሽንኩርት የጫነች ሴትዮ ልክ ልኬን ነገረችኝ። አልፈረድኩባትም፤ ገበያዋ ሊያልፍባት ነው። ብቻ ያን ሰዓት መሪ ብጨብጥ ገደል ይዣቸው እንደምገባ ታውቆኛል። ዓይኔ መንገዱን ትቶ ሌላ ነገር ያይ ነበር። ከደባርቅ እስከ ቆላው ጠርዝ ከሳቸው ጋር ያልወጣሁት ዳገት፣ ያልወረድኩት ቁልቁለት የለም።

ያኔ እኔ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ነበርኩ፣ እሳቸው የአፈር ባለሙያ። ሹፌር የሚወደው ባለሙያ መስክ ወርዶ፣ በመኪናው መስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «በቃ አይቼዋለሁ፣ እንመለስ» የሚለውን ነው። እንዲህ ያለውን አመል እግዜር ለእትዬ ብርዛፍ አልሰጣቸውም። አጠር፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ፣ ከነጠላው በታች የወንድ ቦት ጫማ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ቦርሳቸው ውስጥ መዶሻ፣ ቢላዋ፣ ውሃና ሎሚ አይጠፋም። ሎሚው ለሻይ እንዳይመስላችሁ። ለአፈር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ ቆላ ቆላው ላይ ከላይ ሲያዩት ያማረ አፈር አለ። ትንሽ ቆፈር አድርገው ሲወርዱ ግን ነጭ፣ ድርቅ ያለ ነገር ዶማውን ያነጥረዋል። እትዬ ብርዛፍ ከዚያ ላይ ፈርፈር ያደርጉና ሎሚ ይጨምቁበታል። ኖራ ያለበት ከሆነ አረፋ ይደፍቃል። ዝናቡ ከላይ ያለውን ኖራ እያሟሟ ይዞት ይወርዳል፣ ውሃው ሲደርቅ ኖራው እዚያው ይቀራል፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ይጠጥራል፤ ይኸው ነው ብለው ነገሩኝ። ቢሮው ለዚህ ሥራ አሲድ በጠርሙስ ሰጥቷቸው ነበር። ለምን በሱ እንደማይሠሩ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ አሲዱን ገበሬው ከየት ያመጣዋል፣ ሎሚ ግን ጎረቤቱ አያጣም፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ራሱ ጨምቆ ያየዋል አሉኝ። እኔ ደግሞ ገበያ በሄድኩ ቁጥር ሎሚ መግዛት ሥራዬ ሆኖ ቀረ። ሚስቴ መጀመሪያ ላይ «የማን ሎሚ ነው?» ብላ ፊቷን አጥቁራብኝ ነበር። አግኝታ ካየቻቸው በኋላ ራሷ መርጣ ትገዛላቸው ጀመር።

ሌላው አመላቸው ስም መጠየቅ ነው። በየሄድንበት ያንን ነጭ ነገር ምን ትሉታላችሁ ይላሉ። እንክብል እንክብል እያለ በጥቁሩ አፈር ውስጥ የተበተነውን አንዱ ሰፈር የጅብ ጥርስ ይለዋል። እንደ ዱቄት የሚቦነውን አመዶ የሚሉ አሉ። ወጥ ሆኖ የተነጠፈውን ቅርፊት ይሉታል። እሳቸው ሦስቱንም ለይተው ይናገራሉ፣ አንዱን ባንዱ ቦታ ሲጠሩት ከሰሙ ይቆጣሉ። አንድ አዲስ የተመረቀ ልጅ ቢሮ መጥቶ ነበር፣ አፈሩን ልናይ የቆፈርነውን ጉድጓድ ገና ከሩቅ ሲያየው፣ ቅርፊቱን በፈረንጅ ስሙ «ካልክሪት ነው» አለ። እሳቸውም ትክክል ነህ፣ ጎበዝ፣ አሁን ደግሞ ለባለ መሬቱ በሚገባው ንገረው አሉት። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ሲያሾፉበት ግን አልነበረም፤ አጠገቡ ቆመው እስኪችል ድረስ አገዙት። ዛሬ ደባርቅ ትልቅ ባለሙያ ሆኗል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቀኝም የሚያስገርመኝም ግን የጉድጓዱ ሕግ ነው። እትዬ ብርዛፍ ዘንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው። ይኸ አፈር ይመለከተኛል የሚል ሰው ሁሉ፣ ባለ መሬትም ይሁን ሹም፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ፣ ግድግዳውን በእጁ ነክቶ፣ ያየውን በገዛ አፉ መናገር አለበት። እሳቸው ታች ተቀምጠው ይጠብቁታል። «ገብተህ ንገረኝ» ይሉታል። ከላይ ሆኖ የሚናገር ሰው የሚያየው የራሱን ጥላ ነው ይላሉ። የቀበሌ ሊቀመንበር ሱሪውን ሰብስቦ ሲወርድ፣ አዛውንት ሁለት ሰው ደግፎት ሲወርድ አይቻለሁ። እኔንም አስወርደውኛል። «እኔ እኮ ሹፌር ነኝ» ብላቸው፣ ታዲያ ሹፌር እጅ የለውም ወይ አሉኝ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማርያም ውሃ ላይ ያደረጉትን ነው የማልረሳው።

ማርያም ውሃ ከዳባት ወደ ቆላው ስትወርዱ ያለች ቀበሌ ናት፤ እትዬ ብርዛፍ ተወልደው ያደጉባት። አባታቸው የደብሩ የኔታ ነበሩ፣ ቅኔ አስተማሪ። ያቺ አገር በክረምት ትቆረጣለች። መንገዱ ይላቁጥና መኪና አይገባም፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነው የምትወጣው። ሊቀመንበሩ ደሴ የሚባል ሰው ነው፣ የራሱ እህት በዚያ ቃሬዛ ላይ አርፋበታለች። መንገዱን ጠጠር ላለብሰው ብሎ ተነሣ። እግዜር ይስጠው፣ ክፉ አሳብ አልነበረውም። ጠጠሩ የሚወጣው ግን ከታንጉት መሬት እንዲሆን ወሰነ።

ታንጉት ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። መሬቷ መንገዱ ዳር ነው፣ ከሥሩም ያ ነጭ ነገር አለ። የተከለችው ዛፍ ሁሉ ሁለት ክረምት ይከርምና ሥሩ እዚያ ሲደርስ ይደርቃል። ስለዚህ መሬቱ አለት ነው፣ ለእርሻ አይሆንም፣ የጠጠር ካባ ይሁን ተባለ። ለሷም ምትክ ተብሎ ዳገቱ ላይ ጭንጫ አሳዩአት። የቀረው የባለሙያ ቃል ነው። ባለሙያው አለት ነው ካለ መሬቷ ሄደ፤ አፈር ነው ካለ ይቀርላታል።

እኛ ስንደርስ ታንጉት የእትዬ ብርዛፍን ጉልበት ሳመች። የየኔታ ልጅ ናቸውና አይጥሉኝም ብላ ልቧ ሞልቷል። ደሴም በበኩሉ የአገራቸው ልጅ ናቸው፣ የመንገዱን ችግር ያውቁታል ብሎ ልቡ ሞልቷል። እኔ መኪናዬን ዛፍ ሥር አቁሜ፣ ዛሬስ ጉድ ነው፣ ከሁለት አንዱን አስቀይመው ነው የምንመለሰው እያልኩ አያቸው ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉና እዚህ ይቆፈር አሉ።

ቅርፊቱ ቶሎ ተገኘ። ሎሚውን ጨመቁበት፣ አረፋውን ደፈቀ። ደሴ አፋፉ ላይ ቆሟል፣ አዲስ ጫማ አድርጎ። ይኸው አለት ነው፣ ከዚህ ይታየኛል አለ። ግባ ቢሉት ጫማውን አየት አድርጎ ካፋፉ ፈቀቅ አለ። የታንጉት ባል ወንድሞች በዶማ መቱት፣ እሳት ብቻ ተፋ። ከታንጉት ቤት ድጅኖ መጣ። በድጅኖም ቢሆን የሚነሣው ፍርካሽ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ ቁፋሮው ያው ነጭ፣ ያው ድርቅ። ወንዶቹ ደከሙና ጥላ ፍለጋ ሄዱ።

ያኔ ነው ታንጉት አፋፉ ላይ ቁጢጥ ብላ «እትዬ፣ አፈር ነው ብለው ይጻፉልኝ። አንድ ቃል እኮ ነው» ያለቻቸው። ድምጿ አንጀት ይበላል። እኔ ብሆን ጽፌላት ነበር፣ እምላለሁ።

እሳቸው ጉድጓዱ ውስጥ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩአት። «ታንጉት፣ እንዳትታለይብኝ» አሏት። «ይኸ ነገር ማለቂያ ከሌለው አለት ነው እላለሁ፣ መሬቱም ይሄድብሻል። እያለቀስኩም ቢሆን እላለሁ። ከሥሩ አፈር ካለው ግን ቅርፊት ነው፣ ያኔ ማንም አይወስድብሽም። እኔ ማለቁን አላውቅም። አንቺም አታውቂም።»

ታንጉት አላለቀሰችም። ድጅኖውን አነሣችና ገባች።

እንዴት መታችው መሰላችሁ! ሴትዮዋ የያዘችው ድጅኖ ሳይሆን ንዴቷን ነው። እትዬ ብርዛፍ ፍርካሹን በእጃቸው እየዛቁ ያወጣሉ። እኔም ዓይኔ እያየ መቀመጥ አቃተኝና ሸሚዜን አውልቄ ገባሁ፤ ሁለቱ ሴቶች ሲደክሙ እኔ፣ እኔ ስደክም እነሱ። በመሀል ዳቦ ቆርሰን አረፍ አልን፤ ያኔ ነው እትዬ ብርዛፍ የአባታቸውን ነገር ያወሩን።

የኔታ ያስተምሩ የነበረው ደብሩ ግቢ ያለችው ወይራ ሥር ነው። ስሞት እዚህች ሥር ቅበሩኝ ብለው ነበር። ሲያርፉ ቆፋሪዎቹ ትንሽ እንደወረዱ ዶማው ነጠረባቸው። አለት ነው ተባለ። ማንም ተጨማሪ አልሞከረም፣ አስከሬኑ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰው ተቻኩሏል። ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዷቸውና እዚያ ቀበሯቸው። «እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ» አሉን እትዬ ብርዛፍ። «በኋላ ግን አስቤ አስቤ፣ አለት ከሆነ ያቺ ወይራ ሥሯን የት ሰድዳ ኖረች? አልኩ። አንዲት ስንጥቅ አግኝታለች። እሷ ያገኘችውን ሰው ማግኘት አቃተው።» ይህን ብለው ፍርፋሪውን ከነጠላቸው አራገፉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ፀሐይዋ ዘወር ስትል የድጅኖው ድምፅ ተለወጠ። እስከዚያ ሰዓት ቅው ቅው ይል የነበረው ድንገት ዱፍ አለና ጫፉ ሰመጠ። ታንጉት በጉልበቷ ወደፊት ልትደፋ ነበር፣ እኔ ያዝኳት። እትዬ ብርዛፍ በሆዳቸው ተኝተው እጃቸውን በቀዳዳው ሰደዱ። ሲያወጡት ቡናማ፣ እርጥብ፣ ልስልስ ያለ አፈር ይዘዋል። አሸተቱት። ለታንጉት ሰጧት፣ እሷም አሸተተችው። ሦስታችንም ጉድጓድ ውስጥ ሆነን እንደ ሞኝ ሳቅን።

ከዚያ ደሴ ተጠራ። አፋፉ ላይ ቆሞ እሺ አየሁት ሊል ጀመረ።

«ደሴ፣ ገብተህ ንገረኝ» አሉት።

ወረደ፣ ለጫማው እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ። እጁን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው ፊቱ የተኮሳተረ ነው። «አፈር ነው» አለ፣ በግድ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። ቀጥሎ ደግሞ፣ እና መንገዴስ? እህቴ የሞተችበት መንገድስ? አለ። እትዬ ብርዛፍ ለዚያም ዝም አላሉም። እጁን ይዘው ከመሬቱ በታች ወዳለው ቦረቦር ወሰዱት፣ እኔም ተከተልኳቸው። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎት ያው ቅርፊት አፍጥጦ ወጥቷል፣ ከላዩ የሚታረስ የለ፣ ባለቤት የለው። ከዚህ ፈልጥ፣ የማንንም ጉሮሮ አትዘጋም አሉት። ደሴ ከዚያው ፈለጠ፣ መንገዱም በዚያ ጠጠር ለበሰ። ዛሬ አምቡላንስ ይገባል።

ታንጉትም ቅርፊቱን ቦታ ቦታ እየሰበረች፣ በየጉድጓዱ ሮማን ተከለች። እትዬ ብርዛፍ ናቸው ሮማን ኖራ ይችላል ያሏት። እሷ ግን ለውለታቸው ብላ አንድ ጥግ ላይ ሎሚም ተክላላቸው ነበር፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ መንምኖ ቀረ። ልንጠይቃት በወረድን ቁጥር እትዬ ብርዛፍ እዚያች ሎሚ ፊት ቆመው ይስቃሉ፤ ኖራና ሎሚ ከተጣሉ ቆይተዋል፣ አታስታርቂያቸው ይሏታል። ነቅለሽ ጣያት ግን አላሏትም።

ጡረታ ወጡና ጎንደር እህታቸው ጋ ገቡ። ሳልፍ ብቅ እልባቸው ነበር። ሎሚ ይዤላቸው ስሄድ አሁንማ ለሻይ ነው እያሉ ይስቁብኛል። ባለፈው ፋሲካ እግራቸው ከድቷቸው አገኘኋቸው። ስወጣ እጄን ያዙና፣ ማርያም ውሃ ስትቀብሩኝ ከወይራዋ ሥር ይሁን፣ አደራህን አሉኝ። ገና ብዙ ይቆያሉ አልኳቸው። እሳቸውም እሱን ተወው፣ አደራውን ተቀበለኝ አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

እንግዲህ ለቀብሩ ሚኒባሴን የዳባት ሰው ጭኜ ወረድኩ። ስንደርስ አስከሬኑ ገና አልደረሰም፣ ቄሶቹ ተሰብስበዋል፣ ጎረምሶች ወይራዋ ሥር ይቆፍራሉ። አደራውን ለእህታቸውም ነግረዋት ኖሯል። ነጠላዬን ተከናንቤ ተጠጋሁ። ገና ሳልደርስ የዶማውን ድምፅ ሰማሁ፤ ቅው፣ ቅው።

ጎረምሶቹ ላባቸውን እየጠረጉ ወጡ። አለት ነው አሉ። አንድ ሽማግሌ፣ የኔታም ያኔ እንዲሁ ነው የሆነባቸው፣ እዚያ ግንቡ ጥግ ካባታቸው አጠገብ ይሁኑ፣ ምን ከፋ፣ አባትና ልጅ ናቸው አለ። ሰውም ደግ ነው፣ ደግ ነው ማለት ጀመረ። ከመንገዱ በኩል የመኪና ጡሩንባ ተሰማ፣ እሳቸው መምጣታቸው ነው። እኔ አለት አይደለም፣ ቅርፊት ነው፣ ከሥሩ አፈር አለው እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ? እንግዳ ነኛ። አስከሬን ቆሞ ሊጠብቅ ነው ወይ ብለው ተቆጡኝ።

ታንጉት ከሴቶቹ መሀል ስትወጣ አየኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ቤቷ ከደብሩ ብዙ አይርቅም። ስትመለስ ድጅኖውን ተሸክማለች። ያንኑ ድጅኖ። ወንድ በሞላበት መቃብር ውስጥ ሴት እንደማትገባ ታውቃለች፣ ስለዚህ አፋፉ ላይ አጋደመችውና ቆመች።

ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ዞረ። ደሴ ዛሬ ሊቀመንበር አይደለም፣ የእድሩ ዳኛ ነው፤ ቀብር የሚቆመው የሚነሣው በሱ ቃል ነው። እሱ ጉድጓዱን አየ። ታንጉትን አየ። እኔንም አየኝ፣ ሸምግሎ ዓይኑ ይጨናበሳል መሰለኝ መጀመሪያ አላወቀኝም፣ በኋላ አወቀኝ። ሽማግሌው፣ እንግዲህ ፍረድ፣ ወደ ግንቡ እንሻገር ወይ? አለው።

ደሴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። አንዱን ካንዱ አስተካክሎ ወይራዋ ሥር አስቀመጠ። ድጅኖውን አነሣና በባዶ እግሩ ወረደ።

መታው። ጎረምሶቹ ቢያፍሩ ገብተን እናግዝህ አሉት፣ በእጁ ከለከላቸው። ትንፋሹ ከላይ ይሰማል፣ አሮጌ ሰው ነው እኮ። ቄሶቹ አስከሬኑን ይዘው ግቢው በር ላይ ደርሰው ቆሙ። ማንም አስቸኩሉት አላለም። ታንጉት ከንፈሯን ነክሳ ትሰማለች፣ እኔም እሰማለሁ፤ የምንጠብቀውን ድምፅ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ቅው። ቅው። ቅው። ዱፍ።

ታንጉት እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ቀብር መሆኑ ትዝ ሲላት በእጇ ከደነችው።

ደሴ ድጅኖውን ጥሎ ተንበረከከ፣ እጁን እስከ ክንዱ ድረስ ቀዳዳው ውስጥ ሰደደ። ጭብጥ ሙሉ ይዞ ወደኛ ቀና ሲል እንባው ጢሙ ላይ ወርዷል።

«አፈር ነው» አለ። «እርጥብ ነው። አምጧቸው።»